እንግዳውና የአባቴ ቀበቶ

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴን አውሬ እየበላው እንደሆነ አወቅሁ። አውሬው አልነከሰውም፣ አልቧጨረውም። ቀስ ብሎ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ነበር የሚበላው። ከእኔ በቀር ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ለሰው እንዳልናገር ደግሞ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ስሜን የጠየቀኝን ሰው እንኳ ጫማዬን እያየሁ ነበር የምመልስለት።

አባቴ በእንስሳት ሙዚየም ቅርጽ ሠሪ ነበር። የሚሠራው ከሙዚየሙ ጀርባ ባለ ሰፊ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስፌት ስለምትገባ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደዚያ ነበር። በሩን ስገፋ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታው ነው፤ የእርጥብ ጄሶ፣ የጆንያና የተበየደ ብረት ሽታ። ዛሬም አዲስ የተለሰነ ቤት ስገባ መጀመሪያ እፈራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ይለኛል።

በመጋዘኑ ውስጥ ከአባቴ ሌላ ሁለት ሰዎችና አንድ አንበሳ ነበሩ። አንበሳው አጥንት ብቻ ነው። በከተማው የእንስሳት ማቆያ አርጅቶ የሞተ ስለሆነ «ሽማግሌው» ይሉታል። በሕይወት ሳለ ጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጥቶ ስለነበር ክብደቱ በትክክል ይታወቃል። ስለዚህ የሁሉ ነገር መለኪያ እሱ ነበር። አንድ አጥንት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከሽማግሌው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» የሚል ነው። ብየዳ ሠሪው እኔንም ሳይቀር ከሽማግሌው የፊት እግር ጎን እያቆመ ይለካኝ ነበር። «ገና ነህ፤ ጉልበቱ ጋ ነህ» ይለኛል።

ይህ ብየዳ ሠሪ በእሳቱ ምክንያት ብልጭታ ይባላል፤ ምላሱም እንደ እሳቱ ነበር። ሌላዋ የአጥንት ተመራማሪዋ ናት። እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ አጥልቃ ስለምትውል «ባለ ሜትሯ» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ፊት ለፊት ግን ዶክተር ይሏታል። እኔ እትዬ ነበር የምላት፤ እሱንም ከአባቴ ጀርባ ሆኜ።

በዚያ ዓመት እንግዳው መጣ። የመጣው በሣጥን ውስጥ፣ በጭድ ተጠቅልሎ ነው። ከራስ ቅሉ በቀር ምንም አልነበረውም። ባለ ሜትሯ ጭዱን እየለቀመች ስታወጣው ሁሉም ሥራቸውን ትተው ከበቧት። የአንበሳ ወገን ነው፤ ግን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከምድር ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ከሽማግሌው የራስ ቅል ጎን ሲቀመጥ ሽማግሌው ደቦል መሰለ።

ባለ ሜትሯ ከአንገቷ ሜትሩን አውርዳ በርዝመቱም በወርዱም ለካችው።

«አንበሳ ራሱና ሰውነቱ የሚመጣጠኑበት ልክ አለ» አለች። «በዚያ ልክ ከሄድን ይህ እንግዳ በክብደት ከሽማግሌው በግማሽ ይበልጣል። ለጊዜው ግምት ነው። ከራሱ በቀር ሌላ አጥንት የለንም።»

«በኮፍያ ቁጥር ሱሪ ስፉ በሉን እንጂ» አለ ብልጭታ።

«ሌላ አጥንት እስኪገኝ ያለን ኮፍያው ነው።»

አባቴ ግን አይሰማቸውም ነበር። የራስ ቅሉን ዙሪያውን እየዞረ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እኔ ከትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዤ ስመጣ የማየው ዓይነት ነበር። ትንሽ ቀናሁ መሰለኝ።

ብልጭታ የብረቱን አጽም በየደ። አባቴ በላዩ የሽቦ መረብ ወጠረ፤ በመረቡ ላይ ጄሶ የተነከረ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ደግሞ ሌላ ጄሶ ያለብሰው ጀመር። ሰኞ ባዶ የነበረው ትከሻ ዓርብ ሥጋ ይዞ ይጠብቀኛል። ጭኑ ይሞላል፣ አንገቱ ይደነድናል። እንግዳው እየወፈረ ነበር።

አባቴ ደግሞ እየከሳ ነበር።

ባይበላ ኖሮ አይገርመኝም። እሱ ግን ይበላል። የራሱን ሳህን ጨርሶ የእኔን ትርፍ ይበላል፤ ከዚያ ዳቦ ይዞ እየገመጠ ይወጣል። እናቴ ድስቱን አጋድላ እያየች «ይህ ሁሉ የት ነው የሚገባው?» ትል ነበር። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶት እጄን ማስገባት እችል ነበር። ብርድ በሆነ ቀን ያልበዋል። ማንኪያ ሲይዝ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይንጫጫል። ምግቡ እሱ ዘንድ የማይቀር ከሆነ የት ይሄዳል? መልሱን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ አየው ነበር። ጭኑ ሞልቶ፣ አንገቱ ደንድኖ፣ በአራት እግሩ ቆሟል።

አሁን የበሽታውን ነገር አውቃለሁ። አንገት ውስጥ ያለችው ትንሽ ዕጢ ከልክ በላይ ስትሠራ ሰው እየበላ ይከሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ እንደሮጠ ሰው ይመታል። መድኃኒት አለው። በዚያን ጊዜ ግን ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ዓይኔ ያየውን አመንኩ።

ቀበቶው ደግሞ ጥርጣሬዬን ሁሉ አጠፋው። አባቴ አንድ ቡናማ የቆዳ ቀበቶ ነበረው። ሱሪው ሲሰፋው ሚስማር በእሳት አግሎ አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ቆዳው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያስነጥሰኝ ነበር። የፋብሪካው ቀዳዳዎች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። የአባቴዎቹ ዙሪያቸው ጠቁሮ፣ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ብለዋል።

አንድ ቀን የእንግዳው ወገብ ላይ ያለው መረብ ከብረቱ ተላቀቀ። ጄሶው ተበጥብጧል፣ ካልፈጠኑ ይደርቃል። ማሰሪያ ሽቦ ደግሞ አልቋል። አባቴ ዙሪያውን ተመለከተና ቀበቶውን ከሱሪው መዞ፣ መረቡን ከእንግዳው የወገብ ብረት ጋር አንድ ላይ ጠምጥሞ ጥርቅም አድርጎ ቆለፈው። ያሰረው በመጨረሻው፣ በጠቆረው ቀዳዳ ላይ ነው። ከዚያ በላዩ ጆንያውን አለበሰው። ቀበቶው ዓይኔ እያየ ተሸፈነ።

«አንተ፣ ይህ እንግዳ ልብስህንም ጀመረ እንዴ?» አለ ብልጭታ። «እሱ ሲወፍር አንተ አለቅህ እኮ።»

አባቴ ሱሪውን በሲባጎ እያሰረ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያን ቀን እራት ላይ እናቴና አባቴ እኔ ያልሰማሁ መስሏቸው ተነጋገሩ። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ እርሳሴን ማንቀሳቀሴን አላቆምኩም።

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?» አለች እናቴ። «ልብህ አይችልም ነው ያለህ። ዛሬ ነገ አትበል ነው ያለህ።»

«እንግዳውን ላቁመውና እተኛለሁ አልኩሽ።»

«እሱን እስክታቆም አንተ ትወድቃለህ።»

«ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ትቼው ብተኛ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሌላ እጅ ከገባበት በኋላ ብመለስ ምን ላደርግለት ነው?»

«የምታስበው ለእሱ ነው ወይስ ለእኛ?»

አባቴ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። ዳቦ ቆረሰ፤ ዳቦው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን አወጣሁ አወረድሁ። እንግዳው ትልቅ ነው፤ ለመሙላት ገና ብዙ ሥጋ ይፈልጋል። አባቴ ላይ የቀረው ሥጋ አይበቃውም። ትንሽ አውሬ ቢሆን ኖሮ ግን ቶሎ ይሞላ ነበር፤ የተረፈውም ይመለስ ነበር። መጠኑን የወሰነው ማነው? አባቴ አይደለም። ብልጭታም አይደለም። ባለ ሜትሯ ናት። እንግዲህ እሷን መለመን ሊኖርብኝ ነው። ይህን ሳስብ ከአውሬው ይልቅ እሷን ፈራሁ።

በማግስቱ ስደርስ ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ አጥንት ነበር። የእንግዳው የጭን አጥንት ከተቆፈረበት ቦታ መጥቷል። እሷም ሜትሯን አንዴ በእሱ፣ አንዴ በሽማግሌው የጭን አጥንት ላይ ትጠመጥማለች። ትለካለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትለካለች። ፊቷ ላይ ደስታ የለም። አባቴ ወዲያ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶን ጆንያ ይነክራል።

ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እትዬ።»

ቀና አለች። ከአባቴ ጀርባ ሳልሆን ድምፄን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ትንሽ ቀንሺለት።»

«ምን ልቀንስ?»

«እንግዳውን። በጣም ትልቅ አደረግሽው።»

ብልጭታ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «እንዴ፣ ይኼ ልጅ ዛሬ አፍ አወጣ?»

ባለ ሜትሯ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ምን ያህል ልቀንስልህ?»

እናቴ ቲማቲም ስትገዛ ብዙ ጊዜ አብሬያት ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ብዙ ነው የሚጠየቀው። «ግማሹን» አልኩ።

«ግማሹን አልችልም። አጥንቱ ይጣላኛል።»

«መጨረሻው ስንት ነው?»

የጭን አጥንቱን አየችው። ከዚያ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ። «አንድ ስንዝር። ከርዝመቱ አንድ ስንዝር አወርድልሃለሁ።»

የተታለልኩ መሰለኝ። እንግዳው ለእኔ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ይመስል ነበር፤ አንድ ስንዝር ምኑ ነው? «አንድ ስንዝር ምን አላት? ደንበኛሽ እኮ ነኝ» አልኩ። እናቴ የምትለው እንዲህ ነበር።

ብልጭታ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ባለ ሜትሯ አጥንት የምታስደግፍባቸውን እኩል የሆኑ የእንጨት ቁራጮች ወደ እሷ ሰበሰበች። አንዱን ለብቻው አስቀመጠች።

«ይኼ ትንሽ አውሬ ነው እንበል። እጥፍ ላሳድገው።» ሌሎቹን ጎን ለጎንና ደራርባ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም የትንሹ እጥፍ የሆነ አንድ ትልቅ ሣጥን የመሰለ ነገር ሠራች። «ቁመቱ እጥፍ ሆነ። ስንት እንጨት ፈጀ?»

ቆጠርኩ። «ስምንት።»

«አየህ? ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ነው። አውሬ እንዲህ ነው የሚከብደው፤ ሲያንስም እንዲሁ ነው። ከርዝመቱ ስንዝር ስቀንስ በዚያው ልክ ከወርዱም፣ ከውፍረቱም እቀንሳለሁ። ሁሉም ሲደመር አንድ ሙሉ ነብር ከላዩ ይወርድለታል።»

«ነብር ምን ያህላል?»

ምሳሌ ፍለጋ ዙሪያውን አየች። «አባትህን ያህላል። አንድ ሰው በለው።»

የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ልክ በዓለም ላይ ሊኖር አይችልም።

«እሺ፣ በስንዝሩ ይሁን» አልኩ። «ከዚያ ለአባዬ ይመለስለታል?»

ከወዲያ በኩል የጄሶው ውኃ መንቦጫረቁን አቆመ።

አባቴ እጁን ሳይጠርግ መጣ። «ምኑ ነው የሚመለስልኝ?»

«ሥጋህ» አልኩት። «ቀበቶህንም ወስዶታል። ወገቡ ላይ ነው ያለው፤ እኔ አይቻለሁ።»

አባቴ አጠገቡ ካለው የጄሶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ደበቃቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሲያደርግ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። ጄሶ የገባበት መሰለኝ።

ባለ ሜትሯ የምታየው አንገቱን ነበር። ልክ የራስ ቅሉን በመጣበት ቀን እንዳየችው አድርጋ አየችው።

«ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?» አለችው።

«ሄጄ ነበር፣ ዶክተር። እንግዳውን ላቁመውና…»

«እንግዳው አሁን አይቆምም። ይቆረጣል» አለች። የጭን አጥንቱን አነሳችው። «ሰውነቱን የሚሸከመው እግሩ ነው። እግሩ ደግሞ ይህን ያህል ክብደት አልተሸከምኩም እያለኝ ነው። ለሰውነቱ ራሱ ትልቅ የነበረ አውሬ ነው፤ የራስ ቅሉ አታለለኝ። ወገቡ ላይ ይቆረጣል፣ እግሮቹ ያጥራሉ፣ ጄሶው ይፋቃል። ይህ የመጋዝና የመዶሻ ሥራ ነው፤ የእርስዎን እጅ አይፈልግም። ፊቱንና ቆዳውን ታክመው ሲመለሱ እርስዎ ይሠሩታል። ሌላ ሰው እንዳይነካው እኔ አለሁ።»

«ፊቱን ብነካ ሽማግሌው ይብላኝ» አለ ብልጭታ። በዚያን ቀን የተናገረው ቁም ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

አባቴ የደከመበት ሥራ ይቆረጣል ሲሉት ይቆጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን ትከሻው ወረደና በረጅሙ ተነፈሰ።

«በስንት ተስማማችሁ?» አለኝ።

«በአንድ ስንዝር።»

«ጥሩ ገዝተሃል» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ልብስ በፌስታል ይዛ ከአባቴ ጋር ሆስፒታል ሄደች። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ መጋዘኑ ሄጄ የተስማማንበት ነገር በትክክል መፈጸሙን እቆጣጠር ነበር። ብልጭታ እንግዳውን ከወገቡ ቆረጠው፤ ቀበቶውን እንዳይነካ ከቀበቶው ወደ ኋላ አለፍ ብሎ ነበር የቆረጠው። ቁራጩን አወጣና ሁለቱን ጎን አገናኝቶ በየደው። ከዚያ ጭኑን፣ ትከሻውንና ሆዱን ይፍቅ ጀመር። የተፋቀው ጄሶ በከረጢት እየተሞላ በጋሪ ይወጣል።

«የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ወደ አባትህ ነዋ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እንዳይሰረቅ ብዬ ከረጢቶቹን እስከ በር ድረስ ሸኘኋቸው።

አባቴ ሲመለስ ሐኪሞቹ አንገቱን አልቀደዱትም ነበር፤ በክኒን ይድናል ብለውታል። ክኒኖቹን እናቴ በሰዓቱ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለትና እስኪውጥ ፊቱ ቆማ ትጠብቃለች። ጉንጩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ድስቱ ውስጥ ምግብ መትረፍ ጀመረ። ማንኪያው ዝም አለ። እኔ ግን ክኒኑን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በከረጢት የወጣውን ጄሶ አይቻለሁ፤ ሒሳቡም ልክ ነበር።

የእንግዳው ፊት በአባቴ እጅ ተሠራ። የጢሙን ፀጉር አንድ በአንድ ሲተክል አጠገቡ ቆሜ እጁን ነበር የማየው። እጁ ዝንፍ አላለም። እንግዳው ከሽማግሌው ጎን ሲቆም አሁንም ከእሱ ይበልጥ ነበር፤ ግን የአንድ ዓለም ፍጥረት መሰሉ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዙሪያውን ዞሮ «ከዚህ የሚተልቅ አልነበረም እንዴ?» ሲል ባለ ሜትሯ ወደ እኔ አየች። «ተከራክረው አስወረዱኝ» አለች።

ካደግሁ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቻት ይህንኑ አነሳሁባት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው።

«አንተ ከመምጣትህ በፊት አጥንቱን ለክቼ ጨርሼ ነበር» አለችኝ። «ስንዝሯን የሰጠህ አጥንቱ ነው። ግን አባትህን እንዴት ብዬ ቁረጠው ልበለው? ቆሞ የሚሄደው በዚያ ሥራ መሰለኝ። ከነገርኩት ይወድቃል ብዬ ፈርቼ፣ የማውቀውን ደጋግሜ እለካ ነበር። አንተ መጥተህ ቀንሺ አልከኝ።»

ባለፈው ዝናብ የሙዚየሙ ጣሪያ አፈሰሰ፤ ውኃው እንግዳው ላይ ሲወርድ ሰንብቶ ሆዱ ተሰነጠቀ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ቢሆንም ሌላ ሰው አልጠሩም። እኔ አሁን ሶፋ እሠራለሁ፤ እንጨት አቆማለሁ፣ ማሰሪያ እወጥራለሁ፣ ስፖንጅ አለብሳለሁ። አባቴ «ሥራው ያው ነው፤ ና ያዝልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

የራሰውን ጄሶ በጥንቃቄ አነሳን፤ ጆንያውን ገለጥን። ከሥሩ፣ መረቡ ላይ፣ ቀበቶው ነበር። ቆዳው ደርቆ ነጭ አቧራ ለብሷል፤ ዘለበቱ ዝጓል። ግን እንደተቆለፈ ነው፤ በመጨረሻው፣ ዙሪያው በጠቆረው ቀዳዳ ላይ።

አባቴ ብዙ ጊዜ ወስዶ ፈታው። በጨርቅ ጠራረገውና ጠማማዎቹን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳበሳቸው።

«እዚህ ድረስ ደርሼ ነበር?» አለ።

ከዚያ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ ቀበቶውን በራሱ ወገብ አዞረው። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ጎተትን። ጫፎቹ አልተገናኙም። የፋብሪካው የመጀመሪያ ቀዳዳ እንኳ ዘለበቱ አጠገብ አልደረሰም። አባቴ በቀረው ክፍት ቦታ ላይ፣ ሆዱ ላይ መዳፉን ዘረጋ፤ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ።

«ስንት ይቀራል?» አልኩት።

«አንድ ስንዝር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደማስብ አውቋል።

«አንድ ሰው ማለት ነው» አልኩት።

ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ያልሳቅነውን ያህል ሳቅን። ጥበቃው ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ አባቴ እንባውን በክንዱ ጠርጎ ጎንበስ አለና ቀበቶውን እንደገና በእንግዳው የወገብ ብረት ላይ ጠምጥሞ ቆለፈለት፤ በዚያው በጠቆረው ቀዳዳ።

«ለእሱ ነው ልኩ» አለ። «በል፣ ጄሶውን አቀብለኝ።»